ከእድሩ ቤት ወለል ስር

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 13። ጧት 3፡10

የአፈር ክምር ቁ. 4 ተገላበጠ። ክንዴን እስከ ክርኔ ከትቼ አየሁት። ውስጡ ይሞቃል። ጤነኛ ነው። የናፍጣው ሽታ ጠፍቷል ማለት እችላለሁ። አሁን የሚሸተው ፍጉ ነው፤ የፍግ ሽታ ደግሞ እዚህ አገር ማንንም ቅር አያሰኝም።

ታስታውሺያለሽ ደብተሬ፣ ይህን ሥራ ስጀምር መ/ቤት ውስጥ ስንቱ ሳቀብኝ። የድሮ የመንገድ ሥራ ካምፕ፣ ለዓመታት ናፍጣ ሲጠጣ የኖረ አፈር፣ በከብት ፍግና በጤፍ ገለባ ይጸዳል ብል ጎመን ልትተክይ ነው ወይ ያለኝ ነበር። ናፍጣውን የሚበሉት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ናቸው። ፍጉ ይቀልባቸዋል፣ ገለባው ያናፍሳቸዋል፣ የእኛ ድርሻ ማገላበጥና ውሃ ማርከፍከፍ ብቻ። ያኔ የሳቀው ሁሉ ዛሬ ጎብኚ ይዞ ይመጣል። ቆሜ አስረዳለሁ። ደስ ይለኛል፤ አንቺን ምን እደብቅሻለሁ።

ውሃውም እንደዚሁ። ከካምፑ አጥር በታች ባለው የሰፈሩ ጉድጓድ ላይ ፓምፕ ተክለናል። ይስባል፣ በአሸዋና በከሰል ያሳልፋል፣ ወደ ቦዩ ይለቃል። ጉድጓዱን ያሸግኩት እኔ ነኝ። "ውሃው አይጠጣም" የሚለውን ቆርቆሮ በገዛ እጄ ነው የቸነከርኩት። አሁን ልነቅለው ነው። ለሰፈሩ ሰው በአደባባይ ቃል ገብቻለሁ፦ የግንቦት ልደታን ንፍሮ ከዚህ ጉድጓድ በተቀዳ ውሃ ትቀቅላላችሁ፣ የመጀመሪያውን ብርጭቆ እኔ እጠጣለሁ። ብርጭቆው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ በፎጣ ተጠቅልሎ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 15። 8 ሰዓት

የላብ. ውጤት መጣ። ንጹሕ። ሲከታተል ይኸው ሦስተኛው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ከዚያ ለባጃጁ ሹፌርም አነበብኩለት። ምኑም አልገባውም፤ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ደስ አለኝ።

እትዬ ዘውዴ ዘንድ ጎራ አልኩ። ጉድጓዱ ያለው እሳቸው ደጅ ነው። ከታሸገ ወዲህ ከወንዝ ነው የሚቀዱት። ዳገቱን ሁለቴ አርፈው ይወጡታል፣ ወገባቸው አልቋል። ልጃቸው ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ ቀኗ ገብቷል። የአራስ አጥሚት በወንዝ ውሃ አላፈላም ብለው ልደታን ነው የሚጠብቁት። ወረቀቱን ሳሳያቸው ተቀብለው ገልበጥ አደረጉት፣ ጀርባውን አዩ፣ መለሱልኝ። እኔ ወረቀት አልጠጣም፣ ውሃውን አምጪልኝ አሉ። ሳቅን። መርቀውኝ መርቀውኝ፣ ምርቃታቸው ሳያልቅ ባጃጁ ጥሩንባ ነፋ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 20። አመሻሽ

ከእድሩ ጋር ተሰበሰብን። ቤታቸው እዚያው የድሮው ካምፕ ውስጥ፣ ከጉድጓዱ ከፍ ብሎ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ ሁሉ የሚቀመጥበት ሰፊ የቆርቆሮ ቤት። ወለሉ ወፍራም ሲሚንቶ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ምናለ ናቸው፤ በጉልምስናቸው የካምፑ መካኒክ ነበሩ። ስጀምር እጄን ይዘው የዞሩት እሳቸው ናቸው። ታንከሩ የት እንደነበር፣ ቧንቧው በየት እንዳለፈ፣ የቱ መገጣጠሚያ ያፈስ እንደነበር። እሳቸው ባይኖሩ ግማሹን በግምት ነበር የምቆፍረው።

የመ/ቤቱ ኃላፊ ባለፈው ሳምንት ጠይቆኝ ነበር፤ ለምን በእድሩ ቤት በኩል አንድም የናሙና ጉድጓድ አልቆፈርሽም ብሎ። መልሱ አፌ ላይ ነበር። እዚያ የሹፌሮች መኝታ ነበር፤ ጋሽ ምናለ ነግረውኛል፤ የተኛ ሰው ናፍጣ አይደፋም። ካርታዬ ላይ ያንን ጥግ ነጭ አድርጌ ነው የተውኩት። ኃላፊው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ። እንዲህ አፍ ሳስይዝ ደስ ይለኛል፤ ኃጢአት ከሆነ እናዘዛለሁ።

ስብሰባው ሞቅ ያለ ነበር። ስንዴ ማን ያመጣል፣ ሽምብራ ማን ያመጣል፣ የትልቁ ድስት እጀታ ተበይዷል ወይ። ጋሽ ምናለ ግን ጨዋታ የለም። ወለል ወለሉን ያያሉ። አሞዎታል ወይ አልኳቸው። ቁርጥማት ነው አሉኝ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 22። 10፡30

ነገ ጊዮርጊስ። እናቴ ዘንድ ቁይ ከተማ እሄዳለሁ፣ እሑድ እመለሳለሁ። የፓምፑን ጠባቂ አያ ደሴን ጠርቼ አስጠነቀቅኩ፦ እስከ ልደታ ፓምፑ እንዳይቆም። እሺ አሉ። ስንት ሰዓት እንደሠራ መዝገቡ ላይ ይጻፍ። እሺ። መብራት ከጠፋ ይደወልልኝ። እሺ አሉ። ሦስቱም እሺ አንድ ዓይነት ነበር። አያ ደሴ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ጽሕፈታቸው ከእኔ ይበልጣል፣ ጉድጓድ በመጥረግ አገር ያውቃቸዋል። እኔ ውሃ በትምህርት ነው የማውቀው፤ እሳቸው ገመድ ታጥቀው ወርደውበት ነው።

ሰኞ የመጨረሻውን ናሙና እወስዳለሁ። ለወጉ ያህል።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 26። ጧት 2፡40

ጉድጓዱ አጠገብ ቆሜ ነው የምጽፈው። ጽሕፈቴን እይው።

ፓምፑ ቆሟል። ገና አጥሩን ሳልፍ ድምፁ አልነበረም። መብራት ነው ብዬ አለፍኩ። የመቅጃውን ጠርሙስ በገመድ አውርጄ ስስበው ሽታው ቀድሞኝ ወጣ። ናፍጣ። ከዚያ ያች ቀለሟ የምታብለጨልጭ ስስ ቅባት፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ እንደገና ሰማያዊ። ክው አልኩ። ሌላ ጠርሙስ። ያው። ሦስተኛ። ያው።

መዝገቡን ከፈትኩ። ሰዓት በሚጻፍበት ቦታ ላይ፣ በዚያ ውብ እጅ፦ ዓርብ፣ ጊዮርጊስ። ውሃው ይርጋ። ቅዳሜ፣ ተክለ ሃይማኖት። ይርጋ። እሑድ፣ ሰንበት። ይርጋ።

ደሜ ፈላ። አያ ደሴን ከአጥሩ ጥግ ጠርቼ ሰው እስኪሰማ ጮህኩባቸው። አባቴ የሚሆኑትን ሰው። ስጨርስ እንዲህ ብቻ አሉ፦ "የተጠረገ ጉድጓድ ሦስት ቀን ሳይረጋ ይጠጣል እንዴ? ይሄን ደግሞ ምን ብዬ ፈቃድ እጠይቅሻለሁ።"

ሰኞ፣ ሚያዝያ 26። 9 ሰዓት

በረድኩ። ምሳ አልበላሁም። ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ አሰላሁ።

የሆነው ይኸውልሽ። ፓምፑ ሲስብ የጉድጓዱ ውሃ ዝቅ ይላል። ናፍጣው ከላይ ባለው ጥቁር የዋልካ አፈር ተጣብቆ ይቀራል፤ እኔ ከስር የምቀዳው ንጹሕ ነው። ፓምፑ ሲቆም ውሃው ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ዋልካውን ያጥባል፣ ያለውን ይዞ ይመጣል። ሦስቱም የላብ. ወረቀቶቼ እውነት ናቸው። ሦስቱም ፓምፑ ሲሠራ ከተቀዳ ናሙና ናቸው። ማንም ደግሞ ፓምፕ ገጥሞ አይጠጣም፤ በባልዲ ነው የሚቀዳው፣ ከረጋ ውሃ።

ይህን ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። እዚህ ስመጣ ረሳሁት። አያ ደሴ ያልተማሩትን አልረሱም።

አያ ደሴ ፓምፑን ባያቆሙ ኖሮስ? ልደታ ሊደርስ አምስት ቀን ነው የቀረው። ቆርቆሮውን እነቅላለሁ፣ ብርጭቆዬን እጠጣለሁ፣ እልል ይባላል፣ ፓምፑ ተነቅሎ ይሄዳል። በሳምንቱ የአራሷ አጥሚት በናፍጣ።

ወርጄ አያ ደሴን ይቅርታ ጠየቅኩ። ሰው ፊት፤ የጮህኩት ሰው ፊት ነበርና። እግዜር ይቅር ይበልሽ አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ድምፅሽ ግን ለቅኔ ማኅሌት ይሆናል አሉ። የካምፑ ጠባቂዎች ሁሉ ሳቁብኝ። ይገባኛል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 27። መድኃኔዓለም

አካፋ የሚያነሳ የለም፤ በዓል ነው። ለእኔ ተመቸኝ። ካርታዬን መሬት ላይ ዘርግቼ ቀኑን ሙሉ ተንበረከክኩበት።

የታንከሩ አፈር ወጥቶ ክምር ላይ ነው። የቧንቧው መስመር ተቆፍሮ አልቋል። ታዲያ ይህ ከየት መጣ? ውሃው ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ከጉድጓዱ በላይ ያልነካሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ያ ነጭ ጥግ። በራሴ እርሳስ ነጭ አድርጌ የተውኩት።

አሁን ነው የገባኝ፤ ኃላፊውን አፍ ሳስይዝ ያስያዝኩት የራሴን አፍ ነው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 28። 11 ሰዓት

ሁለት ከባድ ነገር በአንድ ቀን።

አንድ። እትዬ ዘውዴን ነገርኳቸው። ቃሌን አጥፌያለሁ፣ ለልደታ አይደርስም አልኩ። አበስኩ ገበርኩ ብለው አማተቡ። ከዚያ ለአጥሚቱ የያዙትን እህል መልቀም ቀጠሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷ በር ላይ ቆማ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ትሰማለች። መጨረሻ ላይ እትዬ ዘውዴ አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ በፊት ንጹሕ ነው ያልሽውና አሁን አይደለም ያልሽው፣ የትኛውን ልመን? ይህን የሚመልስ ወረቀት የለኝም። የአሁኑን ይመኑ አልኩ። ልጅቷ እኔን ሳይሆን ጉድጓዱን ነበር የምታየው።

ሁለት። እድሩ። ወለላችሁን ልብሳ፣ ምናልባትም ላፍርስ አልኩ። ጉድ ፈላ። ክረምት ሊገባ፣ ድንኳኑ የት ይደር፣ ሰው ቢሞት በምን ይቀበር። እውነታቸውን ነው። እኔ ደግሞ ክረምት ሳይገባ የምለው ለዚሁ ነው፤ ዝናቡ ከመጣ ዋልካው ጭቃ ይሆናል፣ ቁፋሮ የለም፣ ናፍጣው ግን መውረዱን አይተውም። ከሁሉ የጠነከሩብኝ ጋሽ ምናለ ናቸው። መኝታ ነው ብያለሁ፣ መኝታ ነው አሉ። ድምፃቸው ከፍ ብሎ ሰምቼ አላውቅም።

እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ እንዲጠራልኝ ጠየቅኩ። ቢያሸንፉኝም አልተውም። ቦታው እዚያ ነው። በዚህ አንድ ነገር ከእንግዲህ አልሳሳትም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 30። ማርቆስ። 7 ሰዓት

ከተማው ነጭ ለብሶ ወጥቷል። እኔም አስቀድሼ ተመለስኩ። ቤቴ ግቢ ስደርስ ጋሽ ምናለ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ እንዳጣፉ፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ። ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ። ግንቡ ላይ ተቀመጡ።

የነገሩኝን ባጭሩ። መኝታ አልነበረም። መኪና ከስር የሚጠገንበት ጉድጓድ ነበር፣ ሰው ቆሞ የሚሠራበት። ያለቀ ዘይት እዚያ ነው የሚደፋ። ዕቃ በናፍጣ ይታጠባል፣ እጣቢው እዚያ። ማን ይደፋ ነበር? እሳቸው። በየቀኑ፣ ለዓመታት። ያኔ ጥፋት ነው የሚል አልነበረም፤ ሥራው እንደዚያ ነበር። ካምፑ ሲዘጋ ጉድጓዱን በድንጋይና በጥራጊ ሞልተው በሲሚንቶ ደፈኑት። ቦታው ለእድሩ ሲሰጥ ደስ አላቸው፤ ማንም አይከፍተውም።

እኔ ካርታ ይዤ ስመጣ ሊነግሩኝ አስበው ነበር። ታንከሩን አሳዩኝ፣ ቧንቧውን አሳዩኝ፣ እዚያ ጋ ሲደርሱ አፋቸው እምቢ አለ። የሰፈሩን ውሃ የመረዘው ምናለ ነው እንዳይባሉ ፈሩ። ከውሃው ጉድጓድ የጠጡት የገዛ ልጆቻቸውም ናቸው። ይህን ሲሉ አለቀሱ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ማየት አልችልም፤ እኔም አብሬ።

አልጮህኩም። ሰኞ የሚበቃኝን ጮኼያለሁ። መኝታ ነው ሲሉኝ ሳልቆፍር ያመንኩ ባለሙያዋ እኔ ነኝ አልኳቸው። ጥፋቱን ለሁለት እንካፈለው፣ አልኩ። እሑድ ራሴ እናገራለሁ አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 1። ልደታ

ንፍሮው ተቀቀለ። በወንዝ ውሃ፣ በየሰዉ ጀርባ ዳገት በወጣ። ጉድጓዱ አጠገብ፣ ደጅ ላይ፣ እንደ ወጉ። እኔም ሄድኩ። አለመሄድ ይቀል ነበር፤ ግን ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ነገ ጉባኤ እንዴት እቀመጣለሁ? "አይጠጣም" የሚለው ቆርቆሮ አንድ ጥግ ተነቅሎ ነበር፤ ሰው ፊት መዶሻ አስመጥቼ አጠበቅኩት። ንፍሮ በእፍኝ ሰጡኝ። የሰጡኝ እትዬ ዘውዴ ናቸው። ስንዴው በደንብ በስሏል።

እሑድ፣ ግንቦት 2። 6፡30

ጋሽ ምናለ ቆመው ተናገሩ። ረጅም አልነበረም። እኔ ነኝ የደፋሁ፣ ጉድጓዱ እዚህ እግራችን ስር ነው፣ የዋሸኋት እኔ ነኝ። አንዱ ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። አያ ደሴ ከኋላ ሆነው ታዲያ ድንኳኑ የት ይደር አሉ። በቃ። ወሬው ወደ ድንኳኑ ዞረ። ይህን ሰፈር የምወደው ለዚህ ነው፤ ሲያዝን እንኳ ዕቃ ያነሳል። ድንኳኑ ጋሽ ምናለ ቤት፣ አግዳሚው ት/ቤቱ ግቢ፣ ድስቱ በየቤቱ።

ከዚያ እትዬ ዘውዴ ተነሱ። ለአራሷ ውሃ ማን ያመጣል? መልሱ ቀላል ሆነ፦ እድሩ በተራ። በየቀኑ አንድ ሰው፣ ሁለት ጀሪካን፣ ጉድጓዱ እስኪከፈት። ጸሐፊው ስም ሲመዘግብ እኔም እጄን አወጣሁ። የእድር አባል አይደለችም ያለ ነበር። ጋሽ ምናለ ጻፋት አሉ። ተራዬ ማክሰኞ ሆነ።

ሰኞ፣ ግንቦት 3። 5 ሰዓት

የመጀመሪያውን መዶሻ ጋሽ ምናለ አነሱ። በእርጅናዎ ይቅርብዎ ቢባሉ አልሰሙም። አምስት፣ ስድስት ጊዜ። ሲሚንቶው ተሰነጠቀ። ከስሩ ድንጋይ፣ የበሰበሰ ጨርቅ፣ አሮጌ የሞተር ቺንጋ። ከዚያ ጭቃ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። ሽታው ሲወጣ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። እኔ አልያዝኩም። ደስ አለኝ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ዓመት ሙሉ የማላየውን ሳባርር ነበር፤ አሁን ፊት ለፊቴ ነው፣ በአካፋ የሚነሳ ነገር ነው። ክምር ቁ. 7 የሚዘረጋበትን በኖራ አስምሬያለሁ። ፍጉ ነገ ይመጣል። ይህን አጸዳዋለሁ። ከክረምት በፊት የሚቆፈረው ተቆፍሮ ያልቃል፤ ለዚህ ጥርጥር የለኝም።

የወሰንኩት፦ ከዛሬ ጀምሮ ለማንም ቀን አልሰጥም። ናሙና ሲወሰድ ፓምፑ ሦስት ቀን ቆሞ፣ ውሃው ረግቶ ነው። ያም ሦስት ጊዜ፣ አንዱም በክረምቱ ዝናብ መሐል። የሥራው መመሪያ ላይ ጻፍኩት፤ ሐሳቡን ያመጡት አያ ደሴ መሆናቸውንም በሙሉ ስማቸው። ኃላፊው ይህ የት አገር የተሠራበት ዘዴ ነው ቢለኝ እዚሁ ነው እለዋለሁ። ብርጭቆውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ፓምፑ ቤት መደርደሪያ ላይ ደፍቼ አስቀመጥኩት። እዚያ ይቆይ።

5፡40

እትዬ ዘውዴ ከአጥሩ ማዶ እየተጣሩ ነው። ልጅቷን ምጥ ይዟታል። ባጃጅ ተገኝቷል፣ ሆስፒታል እየወሰዷት ነው። የዛሬው ባለተራ ገበያ ወጥቷል፣ ቤት ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም፣ አመሻሽ ላይ ሴቶቹ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባሉ። ተራዬ ነገ ነበር። አያ ደሴ ሁለቱን ጀሪካን አጥበው በሩ ላይ አስቀምጠውልኛል፣ ዳገቱን ሁለቴ አርፈሽ ውጪ፣ አትጣደፊ ይሉኛል። ወንዙ ድረስ መውረጃው እኮ ሩቅ ነው፤ ልሂድ።